ስለ አንድ የባልትና ቤት፦ በርበሬው፣ ሹሮውና «ካንሰር ተከላካይ» የተባለው ዱቄት

ከገርጂ ዋና መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ ግቢ ውስጥ በርበሬ፣ ሹሮ፣ በሶ፣ ቆሎና ልዩ ልዩ ቅመማ ቅመም አዘጋጅቶ የሚሸጥ አንድ የባልትና ቤት አለ። ላለፉት ሰባት ወራት የዚህ ቤት ደንበኛ ሆኜ ቆይቻለሁ። ስምንት ዓይነት ዕቃ ገዝቼ በቤቴ ተጠቅሜያለሁ፤ ሁለት ጊዜም በባለቤቷ መልካም ፈቃድ ከመሸጫው ክፍል አልፌ የማዘጋጃውን ግቢ ለማየት ችያለሁ። አስተያየቴ የሚያስመሰግናቸውን ብቻ ሳይሆን የሚያስወቅሳቸውንም ስለሚጨምር ስማቸውን አልጠቅስም።

ወደዚህ ቤት የወሰደኝ የወጥ ጣዕም አልነበረም። አጎቴ ከሁለት ዓመት በፊት በጉበት ካንሰር አረፉ። ሲጋራ አጭሰው አያውቁም፤ ጠላም ቢሆን ከበዓል በስተቀር አይቀምሱም ነበር። ሕመማቸው በታወቀ ሰሞን ሐኪሙ ቤተሰቡን ሰብስቦ ሦስት ነገር ጠየቀን፦ የሔፓታይተስ ቢ ምርመራ አድርገው ያውቁ እንደሆነ፣ አልኮል ምን ያህል ይጠጡ እንደነበር፣ በመጨረሻም እህላችንንና በርበሬያችንን የት እንደምናስቀምጥ። ሦስተኛው ጥያቄ ሁላችንንም አስገረመን። በርበሬው በጆንያ ተሞልቶ በጓዳው ሲሚንቶ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ዛላው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሲታይም በጨርቅ ተጠርጎ፣ ትንሽ ፀሐይ መቶት ወደ ወፍጮ ይሄድ ነበር። አጎቴን የገደላቸው ይህ ነው ብዬ አልናገርም፤ ማንም ሊያረጋግጠው አይችልምና። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በርበሬ ስገዛ ቀለሙንና ማቃጠሉን ብቻ መጠየቅ አቆምኩ።

ሐኪሙ የጠየቀው አፍላቶክሲን ስለሚባለው የሻጋታ መርዝ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ በላይ የተርኪ ዶሮዎች በአጭር ጊዜ ውስጥ አለቁ፤ ምክንያቱ ሲመረመር መኖአቸው ከብራዚል የመጣ የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። መርዙን የሚያመነጨው አስፐርጊለስ ፍላቩስ የተባለ ሻጋታ ስለሆነ ከዚሁ ስም ተቀንጭቦ አፍላቶክሲን ተባለ። ዛሬ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠው የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ አስፍሮታል። የሚያጠቃው በዋናነት ጉበትን ሲሆን፣ የሔፓታይተስ ቢ ቫይረስ ካለበት ሰው ጋር ሲገናኝ ጉዳቱ እጅግ ይበረታል። በሻንጋይ ወንዶች ላይ በተደረገ ጥናት ሁለቱም ያሉባቸው ሰዎች አንዱም ከሌለባቸው ጋር ሲነጻጸሩ ለጉበት ካንሰር የመጋለጥ ዕድላቸው ወደ 60 እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ ታይቷል። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ዓመታት ሳይጠብቅ ይገድላል፤ በ2004 በኬንያ የሻገተ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል።

ለእኛ ወጥ ቤት የሚከብደው ነገር መርዙ በማብሰል የማይጠፋ መሆኑ ነው። ሻጋታው በእሳት ይሞታል፤ ያመረተው መርዝ ግን የወጥ ድስት ሊደርስበት ከማይችለው ሙቀት በታች አይበታተንም። ስለዚህ «ቁሌቱ ላይ በደንብ ስለሚበስል ምንም አይደለም» የሚለው የብዙዎቻችን መጽናኛ አይሠራም። በ1996 በታተመ ጥናት ከአዲስ አበባ ከተሰበሰቡ 60 የተፈጨ በርበሬና 60 የሹሮ ናሙናዎች ውስጥ 8 በርበሬና 5 ሹሮ አፍላቶክሲን ተገኝቶባቸዋል። አብዛኛው ናሙና ንጹሕ መሆኑ ደግ ነገር ነው። የተበከሉት ግን በኪሎ ከ100 ማይክሮግራም በላይ የያዙ ሲሆን፣ የአውሮፓ ኅብረት በቅመማ ቅመም ውስጥ ከዋነኛው የአፍላቶክሲን ዓይነት፣ ቢ1 ከሚባለው፣ የሚፈቅደው በኪሎ 5 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ኅብረቱ ከኢትዮጵያ የሚሄደውን የተፈጨ በርበሬና ቅመማ ቅመም ለዚሁ መርዝ ሲል ተጨማሪ የድንበር ምርመራ ከሚደረግባቸው ምርቶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባውም በዚህ የተነሣ ነው። በሻንጣ ተይዞ ለዘመድ የሚሄደው በርበሬ ግን እዚያም ሆነ እዚህ የሚመረምረው የለም።

ይህን ይዤ ነው እንግዲህ የቤቱን በርበሬ የተመለከትኩት።

በርበሬ ዝግጅት ለሻጋታ በጣም የሚመች ሁለት ጊዜ አለው። የመጀመሪያው ገና ከገበያ ሳይገዛ ያለው ነው። ዛላው በጣም ሲደርቅ በማጓጓዝ ጊዜ ስለሚሰባበርና ክብደቱም ስለሚቀንስ፣ ነጋዴ ውኃ አርከፍክፎ በጆንያ የሚጠቀጥቅበት ጊዜ አለ፤ እርጥቡ ዛላ በታሸገ ጆንያ ውስጥ ቀናት ሲያሳልፍ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ባለቤቷ፣ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው፣ የማረቆና የአላባ በርበሬ ሲያመጡ ከእያንዳንዱ ጆንያ መካከል እጃቸውን አስገብተው ዛላ ያወጣሉ። ከላይ ያለውን አይወስዱም፤ «ላዩንማ ማንም ያደርቀዋል» ይላሉ። ዛላውን ከጆሯቸው አጠገብ አድርገው ያንኮሻኩሹታል፤ ፍሬው ከውስጥ ካልተንኮሻኮሸ ጆንያውን ይመልሱታል። ከዚያም ሁለት ሦስቱን ሰብረው ውስጡን ያያሉ፤ ሻጋታው ብዙ ጊዜ ከውጭ ሳይታይ በፍሬው ዙሪያ ግራጫ ሆኖ ተሰውሮ ይገኛልና። እኔ በነበርኩበት ቀን ከአምስት ጆንያ አንዱን መልሰዋል። ሻጩ ቅር ብሎት ሲያጉረመርም ሰምቻለሁ።

ሁለተኛው አደገኛ ጊዜ ድልዙ ነው። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ታጥቦና ደርቆ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ሲወቀጥ እንደገና እርጥብ ይሆናል፤ ሽታው እንዲዋሐድም ተሸፍኖ ይታደራል። ከዚህ በኋላ ያለው ማድረቅ ፈጣን መሆን አለበት። በብዙ ቤት ድልዙ የሚሰጣው መሬት ላይ በተዘረጋ ላስቲክ ሲሆን ከሥሩ አየር ስለማያገኝ ላዩ ደርቆ ታቹ ይላባል። በዚህ ቤት ግን ከመሬት ከወገብ በላይ ከፍ ባሉ የሽቦ ወንፊት አልጋዎች ላይ፣ ከጣት ውፍረት ባልበለጠ ስስ ሽፋን ይሰጣል፤ ሁለት ሠራተኞች በየሰዓቱ ያገላብጡታል፤ ማታም ደመና ቢሆን ባይሆን ወደ ቤት ይገባል። ከሁሉ በላይ ያደነቅሁት ግን ከሐምሌ እስከ መስከረም አጋማሽ ድልዝ ጨርሶ የማይደለዝ መሆኑን ነው። ባለፈው ነሐሴ በርበሬ ልገዛ ስሄድ መደርደሪያው ባዶ ነበር፤ ተናድጄ መመለሴን አልደብቅም። ባለቤቷ ግን ተረጋግተው «ልጄ፣ በክረምት የማቀርብልህ በርበሬ እኔው ራሴ የማልበላው ነው» አሉኝ። ገበያው በበዓል መዳረሻ ሲጦፍ መደርደሪያን ባዶ ማድረግ ለነጋዴ ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ ከሰባት ወር በኋላ ይህን ቤት ከሌሎቹ የማስበልጥበት ዋነኛው ምክንያትም ይኸው ነው።

በርበሬው ራሱ መጠነኛ ምጥን ነው፤ ኮረሪማው ጎላ ብሎ ይሰማል፣ ጥቁር አዝሙዱ አይጫንም፣ አብሹ በቂ ስለሆነ ወጡ ይሠራል። ቀለሙ ከመርካቶው ይልቅ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ይህን ጉድለት አድርገው የሚያዩ ደንበኞች እንዳሉ ባለቤቷ ነግረውኛል። ለእኔ ግን የሚያሳስበኝ ተቃራኒው ነው። እንደ ደም የቀላ በርበሬ ሲያጋጥም የሸክላ ጡብ ዱቄት ወይም ሱዳን የሚባሉት የኢንዱስትሪ ቀለሞች ገብተውበት እንዳይሆን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ እነዚህ ቀለሞች በአውሮፓ በምግብ ውስጥ የተከለከሉት ካንሰር ያመጣሉ በሚል ሥጋት ነው። ዋጋው በኪሎ ከገበያው መቶ ብር ያህል ይበልጣል። የራሳቸው ወፍጮ ያላቸው መሆኑም ጥቅም አለው፤ በሰፈር ወፍጮ ቤት የእኛን በርበሬ የምናስፈጨው ከእኛ በፊት ማን ምን እንዳስፈጨ ሳናውቅ ነውና። ማሸጊያው ላይ የተፈጨበት ወር ተጽፏል፤ የገባው የጨው መጠን ግን አልተጻፈም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ብቻ ስለሚመክር፣ ወጡ ላይ ደግሞ ሌላ ጨው ስለምንጨምር፣ ይህ ቢጻፍ መልካም ነበር።

ሹሮአቸው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በደንብ ተከክቶ፣ ተነፍቶ እንደ ዱቄት የለሰለሰው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከባቄላው፣ ከአተሩና ከሽምብራው ገለባ የተወሰነውን ይዞ ሸከርከር ብሎ የተፈጨ ነው። ለስላሳው በፍጥነት ይሸጣል፤ ሁለተኛው ከመደርደሪያው ሥር ተቀምጦ ጠያቂ ይጠብቃል። የእኔ ምርጫ ሁለተኛው ነው። ስለ ካንሰርና ስለ ምግብ ከተደረጉ ጥናቶች መካከል በጽናት የቆመው አንዱ ግኝት አሰር ወይም ፋይበር የበዛበት አመጋገብ የትልቁን አንጀት ካንሰር የሚቀንስ መሆኑ ነው፤ በ2011 የታተመ የብዙ ጥናቶች ጥምር ትንተና በቀን በሚጨመር በያንዳንዱ 10 ግራም አሰር ተጋላጭነቱ በ10 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ማግኘቱን ገልጿል። ጥራጥሬ በዚህ ረገድ ከምንበላቸው ሁሉ ቀዳሚ ነው። አሰሩ ግን በአመዛኙ ገለባው ውስጥ ስለሚገኝ፣ አጥብቀን በከካን ቁጥር ለአንጀታችን የሚበጀውን ለዶሮ እንሰጣለን ማለት ነው። ሸከርከር ያለው ሹሮ ውኃ ይፈልጋል፤ ከለስላሳው በላይ ሃያ ደቂቃ ያህል መንተክተክ አለበት፤ ካልሆነ ጥርስ ላይ ይቀራል። በትክክል ሲበስል ግን ጥርት ያለ የሽምብራ ጣዕም አለው። ጓያ አይቀላቀልበትም፤ ይህን ጠይቄ እህሉን በጥሬው አይቻለሁ።

እዚህ ላይ ከጾም ጋር የተያያዘ ትንሽ ነገር ልናገር። የጾም ምግባችን ሥጋና ቅቤ ስለሌለው በራሱ ጤናማ እንደሆነ አድርገን እንናገራለን። እርግጥ ነው፣ የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ ቀይ ሥጋ በሳምንት ተበስሎ ሲመዘን ከ350 እስከ 500 ግራም እንዳይበልጥ ሲመክር፣ ሕጉን ጠብቆ የሚጾም ሰው ያለ ምንም ስሌት ከዚህ በታች ይውላል። ነገር ግን ሹሮው በዘይት ዋኝቶ ሲቀርብ፣ ዳቦና ድንች ሲደረብበት ክብደት ይጨምራል፤ ያለ ልክ መወፈር ደግሞ በ2016 በወጣው የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግምገማ መሠረት ከ13 የካንሰር ዓይነቶች ጋር የተያያዘ ነው። በቤቱ ማሸጊያ ላይ የተጻፈው የሹሮ አሠራር ለአንድ ኩባያ ሹሮ ግማሽ ኩባያ ዘይት ያዛል። ሩብ በቂ ነው፤ ሞክሬዋለሁ።

አሁን ወደ ድክመታቸው ልምጣ። ኦቾሎኒአቸው አላስደሰተኝም። በጆንያ መጥቶ፣ ቆዳው ሳይገለፈፍ ታምሶ፣ ከፊሉ ለቆሎ ሲሸጥ ከፊሉ ተፈጭቶ የኦቾሎኒ ቅቤ ይሆናል። አንድ ኪሎ ገዝቼ በሰፌድ ላይ አፍስሼ ስለቅመው የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ ወይም ቡቃያው ሥር አረንጓዴ ቢጫ ያዘለ ፍሬ አንድ እፍኝ ሙሉ አወጣሁ። ይህ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ከባቢሌና ከአካባቢው፣ ማለትም ከምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በተሰበሰቡ 120 የኦቾሎኒ ናሙናዎች ላይ በተደረገና በ2013 በታተመ ጥናት 93ቱ አፍላቶክሲን ተገኝቶባቸዋል፤ በአንዳንዶቹም መጠኑ በኪሎ ከ10 ሺህ ማይክሮግራም አልፎ ነበር። ኦቾሎኒ ላይ መርዙ በሁሉም ፍሬ እኩል አይሰራጭም፤ ጥቂት የተበላሹ ፍሬዎች አብዛኛውን ተሸክመው ይገኛሉ። ስለዚህ በእጅ መልቀም ብቻውን ብክለቱን እጅግ ይቀንሳል። የተፈጨውን ግን ማንም ሊለቅመው አይችልም። በርበሬ ላይ ያን ያህል የሚጠነቀቅ ቤት ኦቾሎኒውን ሳያስለቅም መፍጨቱ ገርሞኛል። ስጠይቅ «ኦቾሎኒማ በዘይቱ ይጠበቃል» የሚል መልስ አገኘሁ፤ ትክክል አይደለም። የኦቾሎኒ ቅቤአቸውን ለልጆቼ መግዛት አቁሜያለሁ፤ ፍሬውን ገዝቼ፣ ለቅሜ፣ ቆዳውንም ገልፍፌ ራሴ እፈጫለሁ።

ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ግን በገንዘብ ተቀባዩ ፊት፣ በዓይን ደረጃ፣ በመብራት ያጌጠው መደርደሪያ ነው። እዚያ ላይ በትናንሽ ብልቃጥ የተሞላ አረንጓዴ ዱቄት ተደርድሯል፤ ሽፈራው፣ እርድ፣ ጥቁር አዝሙድና ነጭ ሽንኩርት ተቀላቅሎበታል። ተለጣፊው ላይ «ካንሰርን ይከላከላል፣ ደምን ያጣራል» የሚል በቀይ ተጽፏል። የአንዱ ብልቃጥ ዋጋ ከሁለት ኪሎ ሹሮ ይበልጣል። ገዝቼ ለአንድ ወር በማር በጥብጬ ወስጃለሁ፤ ከአፌ ሽታ በስተቀር የተለወጠ ነገር የለም። ይህ በራሱ ማስረጃ አይሆንም፤ ካንሰር በአንድ ወር የሚመጣም የሚቀርም አይደለምና። ቁም ነገሩ ሌላ ነው።

ሽፈራው ደግ ቅጠል ነው። በኮንሶና በጋሞ ሕዝቡ እንደ ጎመን ቀቅሎ ከየዕለት ምግቡ ጋር ይበላዋል፤ በቫይታሚንና በማዕድንም የታወቀ ነው። በቤተ ሙከራ ሳሕን ላይ ባለ የካንሰር ሕዋስ ላይ ሲፈስስ እድገቱን ይገታል የሚሉ ጥናቶች አሉ። ሆኖም ዱቄቱን የወሰደ ሰው ከካንሰር ይጠበቃል የሚል በሰው ላይ ተሞክሮ የተረጋገጠ ነገር የለም። በአትክልት ውስጥ መልካም የሆነ ነገር ተነጥሎ በብልቃጥ ሲገባ ምን ሊሆን እንደሚችል ደግሞ ዓለም በውድ ዋጋ ተምሯል። ካሮትና ጎመን የሚያዘወትሩ ሰዎች በሳንባ ካንሰር እምብዛም አለመያዛቸውን ያዩ ተመራማሪዎች ቤታ ካሮቲን የተባለውን ንጥረ ነገር በክኒን አድርገው በፊንላንድ ለ29 ሺህ ያህል አጫሽ ወንዶች በዕጣ እየለዩ ሰጡ፤ በ1994 ውጤቱ ሲወጣ ክኒኑን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። በአሜሪካ ይካሄድ የነበረው ተመሳሳይ ሙከራ ጭማሪው 28 በመቶ ሆኖ ስለታየ በ1996 ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። ጎመኑ ጎመን ሆኖ ሲበላ የሚሰጠውን ክኒኑ አልሰጠም፤ እንዲያውም ጎዳ።

ለዚህ ነው ያቺ መደርደሪያ የምትቆጨኝ። ይህ ቤት የደንበኛውን ጉበት የሚጠብቅበት እውነተኛ ሥራ ጓሮ ባሉት የሽቦ አልጋዎች ላይ ይሠራል፤ ያም ሆኖ ስለ እነርሱ በመሸጫው ክፍል አንድ ቃል የተጻፈ የለም። ደንበኛው ብልቃጡን ገዝቶ ተጠብቄአለሁ ብሎ ይሄዳል። እኔ ለሁለተኛ ብልቃጥ ልከፍለው የነበረውን ገንዘብ ይዤ ሔፓታይተስ ቢ ተመረመርኩ፤ ነጻ ስለነበርኩ ክትባቱን ጀመርኩ። በአገራችን ክትባቱ በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በ2007 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለድን ሁሉ ራሳችን ካልሄድን ማንም አይፈልገንም።

በዚያችው መደርደሪያ፣ ከብልቃጦቹ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ፣ ጌሾና ብቅል በፌስታል ታስሮ ይሸጣል። ባለቤቷ ልብ አላሉት ይሆናል፤ እኔ ግን ፈገግ ማለቴ አልቀረም። የአልኮል መጠጥ ከ1988 ጀምሮ እንደ አፍላቶክሲኑ በዚያው በመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ያለ ነው፤ ጠላም፣ ጠጅም፣ አረቄም ከዚህ አይወጡም፤ የጡት፣ የጉበት፣ የምግብ ቧንቧና የአንጀት ካንሰርን ይጨምራሉ። ቋንጣቸውም ቢሆን፣ በጣም ጣፋጭ መሆኑን ሳልክድ፣ ሊታሰብበት ይገባል። ኤጀንሲው በ2015 ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው «የተቀነባበረ ሥጋ» ሲባል ብዙዎቻችን ቋሊማና ሞርታዴላ ብቻ ይመስለናል፤ ትርጉሙ ግን እንዲቆይ ወይም እንዲጣፍጥ ተብሎ በጨው የታሸ፣ የተጨሰ ወይም በተመሳሳይ መንገድ የተዘጋጀ ሥጋን ሁሉ ያቅፋል። በየቀኑ 50 ግራም የሚበላ ሰው የትልቁ አንጀት ካንሰር ተጋላጭነቱ በ18 በመቶ ይጨምራል። በወር አንድ ቀን ቋንጣ ፍርፍር የሚበላ ሰው ከዚህ ስሌት በጣም ይርቃል፤ ቁርሱን በየማለዳው በቋንጣ የሚያደርግ ግን ይወቀው።

የገብስ ገንፎ ዱቄታቸው ጥሩ ነው፤ ከነገለባው ስለሚፈጭ ጠንከር ይላል። ብቻ እሳት የላሰውን ገንፎ አይዋጡት። በአርሲና በባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ጎላ ብሎ መታየቱ ሲጠና ከተጠረጠሩት ልማዶች አንዱ ገንፎን እጅግ ትኩስ ሆኖ መብላት ነው፤ ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥም በ2016 ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከሚባለው ምድብ ገብቷል። የቡናችንን ሁለት ደቂቃ መታገሥ ምንም አያስከፍልም።

ስለ ሠራተኞቹም አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ቅመሙና እህሉ የሚታመሰው በማገዶ ሲሆን ማመሻው ክፍል አንዲት ትንሽ መስኮት ብቻ አለችው። ሦስት ሴቶች ከጠዋት እስከ ቀትር በጭሱ ውስጥ ይቆማሉ፤ እኔ ለአሥር ደቂቃ ገብቼ ዓይኔ እያነባ ወጣሁ። ቤት ውስጥ የሚነድ እንጨት ጭስ የሳንባ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል ኤጀንሲው መድቦታል። የደንበኛን ጤና እንጠብቃለን የሚል ቤት የጭስ ማውጫ ማበጀት አያቅተውም፤ ይህንንም ነግሬአቸዋለሁ።

በመጨረሻው ጉብኝቴ ሁለት ጥያቄ አቀረብኩ። አንደኛው በርበሬው ለአፍላቶክሲን በቤተ ሙከራ ተመርምሮ ያውቅ እንደሆነ ነበር። አልተመረመረም። በዓይን፣ በእጅና በጆሮ የሚደረግ ጥንቃቄ ብክለትን በብዙ ይቀንሳል እንጂ ንጽሕናን አያረጋግጥም፤ ስለዚህ በዚህ ቤት በርበሬ ላይ ያለኝ እምነት ካየሁት አሠራር የመነጨ እንጂ በወረቀት የተደገፈ አይደለም። ባለቤቷ ከጥቅምት በኋላ የሚፈጨውን አንድ ናሙና ለማስመርመር ተስማምተዋል። ሁለተኛው ጥያቄዬ ያንን ቀይ ጽሑፍ ከብልቃጡ ላይ ያነሡልኝ እንደሆነ ነበር። ጥቂት ዝም አሉና «ሁለት ሺህ ተለጣፊ አሳትሜአለሁ ልጄ፤ እሱ ይለቅና» አሉኝ። ስንት እንደቀራቸው ብጠይቃቸው ሣቅ ብለው የካርቶኑን ክዳን ከፍተው አሳዩኝ፤ ከግማሽ በላይ ሙሉ ነበር። ሁለት ኪሎ በርበሬና ሦስት ኪሎ ከሸከርከሩ ሹሮ አስመዝኜ ወጣሁ።